ማታ ማታ የሚደነቁረው ሬዲዮ

ሰኞ

ዛሬ አዲስ ሥራ ጀመርን። ሲያትል ውስጥ ፊሸርመንስ ተርሚናል ላይ የቆመች የሳልሞን ማጥመጃ ጀልባ ናት። ርዝመቷ 58 ጫማ ነው፤ በሜትር 17.7 ገደማ። እዚህ ወደብ ላይ ልክ እንደሷ 58 ጫማ የሆኑ ብዙ ጀልባዎች አሉ። ምክንያቱ ሕግ ነው። አላስካ ውስጥ በከበባ መረብ ሳልሞን የሚያጠምድ ጀልባ ከ58 ጫማ በላይ መርዘም አይፈቀድለትም። ባለቤቶቹም ርዝመቱን ትተው ወርዱን ያሰፋሉ። አንዳንዷ ከጎን ስትታይ ጀልባ፣ ከፊት ስትታይ ጎተራ ትመስላለች።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። "አሁን ምን ላይ ነህ?" ሲሉኝ "የጀልባ ኤሌክትሮኒክስ እሠራለሁ" እላለሁ። "ማለት?" ይላሉ። ማለትማ ረጅም ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ዲሽ እሰቅል ነበር። ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየርም እጠግን ነበር። እዚህ መጥቼ ሁለት ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሠራሁ በኋላ አንድ የቅጥር ማስታወቂያ አየሁ። ራዳር፣ ሬዲዮ፣ ጂፒኤስና አውቶፓይለት መግጠምና መጠገን የሚችል ይላል። የሽቦ ንድፍ የሚያነብ፣ 50 ፓውንድ የሚያነሳ፣ ከፍታ የማይፈራ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው። ከፍታ አልፈራም፤ ስንት ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። አመለከትኩ፣ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ማስታወቂያው ያልጻፈውን ነገር ግን በየቀኑ እየተማርኩት ነው።

ካፒቴኑ አምስት ችግር ዘረዘረ። ሬዲዮው ቀን ይሰማል፣ ማታ ይደነቁራል። ስክሪኖቹ አንዳንዴ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ራዳሩ ነገሮችን ከቦታቸው አጥምሞ ያሳያል። የጥልቀት መለኪያው ጀልባዋ ስትፈጥን ይዋሻል። በዚያ ላይ ኤአይኤስ እንዲገጠምለት ይፈልጋል። ኤአይኤስ የአንዱን ጀልባ ስም፣ ቦታና ፍጥነት ለሌሎቹ በሬዲዮ የሚናገር መሣሪያ ነው። የአሜሪካ ሕግ የሚያስገድደው 65 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ የንግድ ጀልባዎችን ስለሆነ ይቺ አይመለከታትም። ካፒቴኑ ግን "ጭጋግ ውስጥ ትልልቆቹ መርከቦች እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ" አለ። ልክ ነው።

"ማታ ይደነቁራል" ሲል ሳቅኩ። አለቃዬ አልሳቁም። ስድሳ ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን እዚህ ወደብ ላይ የፈጁ ሰውዬ ናቸው። "ካቻቢቴህን ኪስህ አድርግ" አሉኝ። የመጀመሪያው ሰዓት የጥያቄ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን ተገጠመ? ምን ተነቀለ? ሲበላሽ ሞተሩ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ካፒቴኑ "ምንም አዲስ ነገር አልጨመርኩም" አለ። እኔም እንደ ወረደ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ዋልኩ። ሥራው ሽቦ መከተል ነው። አንዱን ጫፍ ይዞ፣ በወለሉ ስር፣ በኮርኒሱ ላይ፣ በነዳጅ ታንከሩ ጎን አልፎ ሌላኛው ጫፍ ድረስ መሄድ። ከዚያ ወረቀት ላይ መሳል። ይቺ ጀልባ የሽቦ ንድፍ የላትም። ብዙዎቹ የላቸውም። ንድፍ ሳይኖር መጠገን ሰፈሩን ሳያውቁ በጨለማ ዕቃ ማድረስ ነው።

ያገኘሁት ነገር ያስደነግጣል። የቤት ሽቦ ማጣመሪያ ክዳን ሦስት ቦታ። የሞተ ሽቦ፣ ከየትም መጥቶ የትም የማይሄድ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ። ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል። የጨው እርጥበት መዳቡ ውስጥ ከገባ እዚያው አይቆምም። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ በፕላስቲኩ ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል። ጫፉን አምስት ሳንቲም ቆርጬ ላጥኩት፣ አሁንም ጥቁር ነው። አሁንም ቆረጥኩ፣ ጥቁር። ለዚህ ነው የጀልባ ሽቦ እያንዳንዱ ክሩ በቆርቆሮ የተለበጠ የሚሆነው። መጋጠሚያውም ሲሞቅ የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ይለብሳል። ናስትሮ ጠቅልሎ መሄድ እዚህ ነውር ነው።

ከዚያ ሒሳብ። ከባትሪው እስከ ሬዲዮው 8 ሜትር ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 16 ብላችሁ ያዙት። ሬዲዮው በ25 ዋት ሲናገር ወደ 6 አምፔር ይስባል። ሽቦው ቁጥር 14 ነው፣ ቀጭን። በስሌቱ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ ወደ 7 በመቶ ማለት ነው። እዚህ አገር የምንከተለው የጀልባ ደረጃ ኤቢዋይሲ ይባላል። ለሬዲዮና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች ከ3 በመቶ በላይ እንዳይባክን ይላል። በቴስተር ስለካው ደግሞ 1.4 ቮልት ጠፍቷል። ትርፉን የበላው ያ አረንጓዴ መጋጠሚያ ነው። ወፈር ያለ ቁጥር 10 ሽቦ አስገባን። አሁን 0.3 ነው።

አለቃዬን "የማታው ችግር ይሄ ይሆን?" አልኳቸው። "ሽቦ ሰዓት አያውቅም" አሉኝ።

ረቡዕ

የአንቴናው ቀን። ዲሽ ስሰቅል የኖርኩ ሰው ነኝና ኮኔክተር አያስፈራኝም ብዬ ነበር የመጣሁት። ዛሬ አፈርኩ።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይናገርም። ይሄኛው ይናገራል። 25 ዋት ወደ ላይ ይልካል። መንገዱ ላይ እንቅፋት ካለ ከፊሉ ጉልበት ተመልሶ ወደ ሬዲዮው ይወርዳል። ስንት እንደሚመለስ የሚለካው ቁጥር ኤስደብሊውአር ይባላል። 1.5 እና ከዚያ በታች ጥሩ ነው። የኛ 2.8 አለ። አንቴናው ስር ያለውን ኮኔክተር ስከፍተው ውሃ ጠብ አለ። ገመዱንም ስጨምቀው እንደ ስፖንጅ ነው። ገመዱ ተቀየረ።

አዲሱ ኮኔክተር ፒኤል 259 የሚባለው ነው። መሀሉ ላይ ያለው ሽቦ ይበየዳል፣ ዙሪያውን ያለው መረብም እንደዚሁ። የመጀመሪያውን ስሠራ ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር አፈንግጣ መሀለኛውን ነካች። ሾርት አደረገ። ሁለተኛው ላይ ብየዳውን አብዝቼ አሞቅኩትና የውስጡ ፕላስቲክ ቀለጠ። አለቃዬ ምንም ሳይሉ መቁረጫውን አቀበሉኝ። ሦስተኛው አለፈ። ኤስደብሊውአሩ 1.3 ወረደ። ገመዱ ወደ ካቢኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ መልሶ እንዲወጣ አደረግነው። ውሃው ታጥፎ በወረደበት ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም። ይሄንን የአዲስ አበባ ዲሽ ሠራተኞች ቢያደርጉት ስንት ሪሲቨር ይተርፍ ነበር። እኔንም ጨምሮ ነው የምለው።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ሰማ። ካፒቴኑ እጄን ጨበጠኝ። እኔም "አለቀ" ብዬ ጻፍኩ። ያቺ "አለቀ" ቅዳሜ ማታ ትጠብቀኛለች።

ሐሙስ

ስክሪኖቹ። አጭር ቀን ነበር፤ በአንድ ቁጥር የተፈታ።

ጂፒኤሱ፣ ስክሪኖቹ፣ አውቶፓይለቱና ኮምፓሱ የሚነጋገሩት ኤንኤምኢኤ 2000 በሚባል አንድ የጋራ ገመድ ላይ ነው። እንደ ዋና መንገድ ነው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በአጭር ቅርንጫፍ ይገባበታል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም መዝጊያ ይደረጋል። መብራቱን አጥፍታችሁ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች፣ በነጩና በሰማያዊው መሀል ስትለኩ 60 ኦም መምጣት አለበት። ሁለት 120 ጎን ለጎን 60 ነዋ። 120 ካገኛችሁ አንዱ መዝጊያ የለም።

እኔ 40 አገኘሁ። 120ን ለሦስት ስታካፍሉት 40 ነው። ሦስተኛ መዝጊያ የሆነ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከኮርኒሱ በላይ፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ፣ ከዚህ በፊት የሠራው ሰው አንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ "ክፍት ከሚሆን" ብሎ ሰክቶታል። ነቀልኩት። 60። ስክሪኖቹ ከዚያ ወዲህ አልጠፉም።

ዓርብ

ዛሬ መሣሪያ አልነካሁም ማለት ይቻላል። የወረቀት ቀን ነበር። ይሄን ሥራ እንደ ብየዳና ሽቦ ብቻ የሚያስብ ሰው ዓርብን ይይልኝ።

እያንዳንዱ የጀልባ ሬዲዮ ኤምኤምኤስአይ የሚባል ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። እንደ ስልክ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ። የአሜሪካ 338 ወይም ከ366 እስከ 369 ባሉት ይጀምራል። የኢትዮጵያ 624 ነው። ይሄን ሠንጠረዥ ላይ ሳየው ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ሬዲዮው ላይ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለ። ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትይዙት በቻናል 70 ላይ "አደጋ ላይ ነኝ" የሚል መልእክት ከቁጥሩና ከቦታው ጋር ይላካል። አዳኞቹ ቁጥሩን መዝገብ ላይ አይተው ምን ዓይነት ጀልባ እንደሚፈልጉና የማን እንደሆነች ያውቃሉ።

የካፒቴኑ ሬዲዮ ቁጥር ሲታይ የሌላ ጀልባ ነው። ድሮ የሸጣት ጀልባው። ሬዲዮውን ነቅሎ ወደዚህች አዛወረው፣ ቁጥሩ ግን አብሮ መጣ። ቁልፉን ቢጫን ኖሮ ፍለጋው የሚጀመረው ሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ ስልክ በመደወል ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ለመዝናኛ ጀልባ የሚሰጠው ዓይነት ነው። ያ የሚያገለግለው አሜሪካ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ይቺ ጀልባ አላስካ የምትሄደው በካናዳ በኩል አቋርጣ ስለሆነ ቁጥሩ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ከጀልባ የሬዲዮ ፈቃድ ጋር መውጣት አለበት።

ታዲያ ቁጥሩን ዝም ብሎ መቀየር አይቻልም? አይቻልም። ሬዲዮው ቁጥር የሚቀበለው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፣ ከዚያ ይቆልፋል። ለመክፈት ወደ አምራቹ መላክ ነው። ካፒቴኑ አዲስ ገዛ፣ አሮጌው እስኪከፈት ተልኳል። ኤአይኤሱም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን እዚህ አገር ተጠቃሚው ራሱ እንዲያስገባ አይፈቀድም። ሻጩ ወይም ብቃት ያለው ገጣሚ ያስገባዋል። ተሳስቼ አንድ አሃዝ ባዛውር ጀልባዋ በሰው ስም ስትዞር ትከርማለች። ለጊዜው ያለ ቁጥር አበራነው። እንደዚያ ሲሆን ሌሎችን ያያል፣ ራሱን ግን አይናገርም።

የአደጋ ጠቋሚውንም አየሁ፤ ኢፐርብ ይሉታል። ጀልባ ስትሰጥም ራሱ ተላቆ ወደ ላይ ወጥቶ በ406 ሜጋኸርትዝ ወደ ሳተላይት የሚጮኸው ነው። የሚያላቅቀው የውሃ ግፊት ነው። ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ትንሿ መሣሪያ ማሰሪያውን ትቆርጠዋለች። ያቺ መሣሪያ በየሁለት ዓመቱ ትቀየራለች። የዚህች ቀን ካለፈ ቆይቷል። ባትሪው ደህና ነው፣ ምዝገባው ግን አልታደሰም። እሱም በየሁለት ዓመቱ ነው። መሣሪያዋን ቀየርን፣ ካፒቴኑን አስቀምጬ ምዝገባውን አስሞላሁት። የሚስቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ደወለላት።

ቅዳሜ ማታ

ሦስት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ደወለ። "ደንቁሯል" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቡና ላይ ጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሬዲዮ ሰው ነበሩ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሞርስ ግን አሁንም ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው ይመታሉ። ስለሥራዬ መጠየቅ ይወዳሉ።

"ጋሼ፣ ሬዲዮ ማታ ማታ ብቻ የሚደነቁር አጋጥሞዎት ያውቃል?" አልኳቸው።

"በኛ ጊዜ ማታ ነበር የሚሻለው" አሉ። "ማታ ድምፁ ከሰማይ ነጥሮ ሩቅ ይሄዳል። የአንተኛው ምን ዓይነት ነው?"

"ቪኤችኤፍ ነው።"

"እሱማ በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ለሱ ቀንም ማታም አንድ ነው። ስለዚህ የተለወጠው ሰማዩ አይደለም።" ቡናቸውን ፉት አሉ። "ማታ ምን ታበራላችሁ?"

ዝም አልኩ።

"እኛ መርከብ ላይ አንድ ማራገቢያ ነበረች። እሷ ስትዞር ጆሮዬ ውስጥ ንብ ይገባ ነበር። ሻለቃው ሙቀት ስለማይችል አጥፉልኝ ማለት አይቻልም። አንተ ሂድና እያበራህ እያጠፋህ እይ ልጄ።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ ይሄን ሥራ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ጠየቀኝ። አገር ቤት ያለው ወንድሙ ባሕር ዳር የማሪታይም ተቋሙ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። አንድ ነው ወይ አለኝ። ይመሳሰላል፣ አንድ ግን አይደለም። ባሕር ዳር ከሚያሠለጥኗቸው አንዱ ኢቲኦ የሚባለው የመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መኮንን ነው። እሱ ከመርከቡ ጋር ይሄዳል፣ ወራት ባሕር ላይ ይከርማል፣ ከክሬን እስከ ጄኔሬተር ሁሉ ይመለከተዋል። እኔ የብስ ላይ ነኝ። ጀልባው ይመጣል፣ እጠግናለሁ፣ ይሄዳል፣ ማታ ቤቴ እተኛለሁ። ካፒቴን ካልደወለ።

ፈቃዱን በተመለከተ ደግሞ እዚህ አገር የጀልባ ሬዲዮ ማሠራጫን ውስጡን ከፍቶ ለመጠገንና ለማስተካከል የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። አለቃዬ አላቸው፣ እኔ እያጠናሁ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የሕግ ነው፣ 24 ጥያቄ፣ 18 ማግኘት አለባችሁ። ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክስ ነው፣ 100 ጥያቄ፣ ማለፊያው 75። ራዳር ለመጨመር 50 ጥያቄ፣ 38። ሕጉን አልፌያለሁ። ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ስለ ትራንዚስተር ሲጠይቁ ደስ ይለኛል፣ ስለ ሞገድ ሒሳብ ሲጠይቁ ሆዴን ያመኛል።

ሰኞ ማታ

ጋሼ ያሉትን አደረግኩ። ቴርሞስ ቡና ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ሰው የሌለበት ቻናል መረጥኩ። ሬዲዮ ላይ ስኩዌልች የሚባል ማዞሪያ አለ፣ ማንም በማይናገርበት ጊዜ የሚሰማውን ሽሽታ ዝም የሚያሰኝ ነው። ሽሽታው እስኪሰማ ከፈትኩት፣ ከዚያ ልክ ዝም ሲል አቆምኩ። አሁን ሬዲዮው በጫፉ ላይ ነው። ትንሽ ረብሻ ከመጣ ይጮሃል።

ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ። የካቢን መብራት፣ ዝም። የሞተር ክፍል፣ ዝም። የጎን መብራቶች፣ ዝም። ፍሪጁ፣ ዝም። ምሰሶው ላይ ያሉት ሁለት የመርከብ ወለል መብራቶች፣ ሽሽሽሽሽ።

አጠፋሁ። ዝም። አበራሁ። ሽሽሽሽሽ። እንደ ሕፃን አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ኤአይኤሱን አየሁ። መብራቱ ሲጠፋ 41 ጀልባ ያሳያል። ሲበራና ጥቂት ደቂቃ ስጠብቅ 6 ቀሩ። ሌሎቹ 35 ያሉበት አሉ፣ እኛ ነን የደነቆርነው።

መብራቶቹ ኤልኢዲ ናቸው። ኤልኢዲ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ከኋላው ያለችው ትንሽ ሰርኪት ናት። ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠች ትመግበዋለች። መቆራረጡ የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራል። በደንብ ካልታፈነ ቪኤችኤፍ ሬዲዮው የሚሠራበት 156 ሜጋኸርትዝ አካባቢ፣ ኤአይኤሱ የሚሠራበት 162 አካባቢም ይደርሳል። አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2018 ስለዚሁ ነገር የደህንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የስኩዌልቹን ምርመራም እዚያው ላይ ጽፎታል። ጋሼ ግን አላነበቡትም።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ለካፒቴኑ ደወልኩ። እሱ እኔን ከደወለ እኔም ልደውል።

"ምሰሶው ላይ ያሉትን መብራቶች መቼ ነው የገጠምካቸው?"

"ኧ... ባለፈው ዓመት። ከኢንተርኔት ላይ በርካሽ አግኝቼ። ግን እሱ መብራት ነው እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም።"

"ምንም አልጨመርኩም" ያለው ለካ እውነቱን ነው። ጥያቄው ነው የተበላሸው። ከእንግዲህ "ምን ኤሌክትሮኒክስ ጨመርክ?" አልልም። "ምን ገዛህ?" ነው የምለው።

ማክሰኞ

መጀመሪያ በርካሹ ሞከርን። የመብራቱ ሽቦ ላይ ጫጫታ የሚያፍኑ ጥቁር የፌራይት ቀለበቶች አደረግን። ኤአይኤሱ ላይ 6 የነበረው ጀልባ ወደ 20 ወጣ። ለውጥ ነው፣ ግን አይበቃም። መብራቶቹ ካንቴናው አንድ ሜትር አይርቁም። አለቃዬ ሌላ መብራት አስመጡ፣ የሬዲዮ ረብሻ እንዳይፈጥር ተፈትኖ የወጣ። ዋጋው ከበፊቱ አራት እጥፍ ነው። ካፒቴኑ አጉረመረመ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ሬዲዮውን ጫፉ ላይ አድርጌ ሁለቱንም እያፈራረቅኩ አበራሁለት። ካርዱን አወጣ።

ሐሙስ

ራዳር። ምሰሶ ላይ ከመውጣቴ በፊት ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንድ ሰው ታች ሆኖ "እስቲ ራዳሩን ልየው" ብሎ ቢያበራው ክንዱ ይዞርና ይጥለኛል፣ ጨረሩም ፊቴ ላይ ነው። ፊውዙ ኪሴ ካለ ማንም አያበራውም። ቀበቶ ታጥቄ ወጣሁ። ከላይ የባላርድ ሰፈር ጣሪያዎች ይታያሉ። ኮንዶሚኒየም አይወዛወዝም፣ ምሰሶ ግን ይወዛወዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ቁርስ ሳልበላ ነው የምወጣው።

ራዳሩ ራሱ ደህና ነው። የታጠፈው አገጣጠሙ ነው። ከመቀመጫው ብሎኖች አንዱ ላልቶ ትንሽ ዞሯል። ብሎኑ ታሰረ። ቀሪው በስክሪኑ ላይ ይስተካከላል። የጀልባዋን አፍንጫ ሩቅ ወዳለ የታወቀ ምልክት አቅንቶ፣ ራዳሩ ምልክቱን የት እንደሚያሳይ ማየት ነው። በ4 ዲግሪ ተሳስቷል። 4 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። በአንድ የባሕር ማይል ርቀት ላይ ግን ወደ 130 ሜትር ስህተት ነው። ጭጋግ ውስጥ 130 ሜትር ማለት አለት በስተግራ ነው ብላችሁ ስትሄዱ ከፊታችሁ ማግኘት ነው።

አዲሱ ቁጥርም ዛሬ መጣ። 9 አሃዝ። እኔ አነበብኩ፣ አለቃዬ ጻፉ፣ ከዚያ እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ተመለከትኩ። ሬዲዮው ላይም ኤአይኤሱ ላይም አንድ ነው።

ዓርብ

ፈተና ባሕር ላይ። ፊሸርመንስ ተርሚናል ያለበት ውሃ ጨው የለውም። ወደ ጨዋማው ባሕር ለመውጣት ባላርድ ላይ ያሉትን የውሃ በሮች ማለፍ ያስፈልጋል። በፈረንጆቹ 1917 የተመረቁ ናቸው። ጀልባዋ አንድ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ከባሕሩ ጋር እኩል ስትሆን ወዲያኛው በር ይከፈታል። የውሃ አሳንሰር በሉት። እኔ ገመድ ይዤ ነበር የወረድኩት። ገመድ መያዝም ማስታወቂያው ላይ የለም።

ውጭ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ኮምፓሱ። አውቶፓይለቱ በጀልባዋ ላይ ያለውን ብረት ሁሉ እንዲለምድ ቀስ ብለን ክብ ሠራን፣ አንድ ተኩል ጊዜ። ቀጥሎ ራዳሩ፣ ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቀጥሎ ሬዲዮው። የኮስት ጋርድ የሙከራ ጥሪ የሚቀበል ቁጥር አለ፣ 003669999። በቻናል 70 ላክንለት፣ ማንም ሰው ሳይነካው በራሱ መለሰ። የድምፅ ሙከራውን በሌላ ቻናል አደረግን። ቻናል 16 የአደጋና የመጠራሪያ ነው፣ "ይሰማል ወይ?" እየተባለ የሚቀለድበት አይደለም።

ካፒቴኑን ቀይ ቁልፉ ፊት አቆምኩት። ክዳኑን እንዴት እንደሚያነሳ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚይዝ አሳየሁት። ሠራተኞቹን ሦስቱንም አስጠራሁ። ካፒቴኑ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የሚጫነው ሌላ ሰው ነው። አንደኛው ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመቱ። በስልኩ ቀረጸው።

የጥልቀት መለኪያው ብቻ ቀረን። እስከ 7 ኖት ፍጥነት ድረስ ወለሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል። 8 ላይ ይንተባተባል፣ 9 ላይ 3 ሜትር ይላል፣ ካርታው 60 ሜትር እያለ። ድምፁን ወደ ታች የሚልከው ክፍል በጀልባዋ ሆድ ስር ነው። ስንፈጥን ከፊቱ የአየር አረፋ እየተፈጠረ ያልፍበታል ብለን ነው የምናስበው። አረፋ ካለ ድምፁ ወለሉ ጋ አይደርስም። ምናልባት መቀመጫው ተሰንጥቋል። ምናልባት ገና ሲገጠም ቦታው ትክክል አልነበረም። ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

የሽቦ ንድፉን በንጹህ ገለበጥኩት። አንዱን ቅጂ በፕላስቲክ አሽጌ መሪው ስር ያለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። በየሽቦው ጫፍ ላይ ቁጥር ለጥፌያለሁ። የማብሪያዎቹ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ካፒቴኑ ራሱ በማርከር አንድ ነገር ጽፏል፦ "መብራት ከመግዛትህ በፊት ደውል።"

ሐሙስ ከውሃ ትወጣለች። ሆዷን ያኔ እናያለን። ትራፓኖውን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ።